ኦቲዝም ያለበት ልጅ አመጋገብና የሰውነቱ ጤና አጠባበቅ

ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለሀገር ሽማግሌዎች የተሰጠ ንግግር



ገበሬ የዘራው ዘር ሁሉ በአንድ ዐይነት መሬትና በአንድ ዐይነት እንክብካቤ እንደማያፈራ ያውቃል። ለገብስ የሚስማማው ደጋ ለማሽላ አይስማማም፤ ሽንብራ የሚወደውን መሬት ሌላው እህል ላይወደው ይችላል። ስለዚህ ዐዋቂ ገበሬ ማሽላው በደጋ አልበቀለም ብሎ ዘሩን አይረግምም፤ የሚስማማውን ቦታ ይፈልግለታል እንጂ። የልጆችም ነገር እንዲሁ ነው። ከመካከላቸው አስተሳሰባቸውና ጠባያቸው ከብዙዎቹ የተለየ አሉ፤ ከእነዚህም አንደኞቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ናቸው። ስለ እነርሱ ሲታሰብ የንግግራቸውና የትምህርታቸው ነገር ይነሣል፤ የሥጋቸው ጤና ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። የዚህ ንግግር ዋና ነገር ይኸው የተረሳው ነው፤ ይኸውም የልጁ ምግብ፥ የሰውነቱ ክብደት፥ እንቅስቃሴውና እንቅልፉ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ኦቲዝም ምንነት

ኦቲዝም ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ከሕፃንነት ዕድሜ ጀምሮ የሚታይ፥ በአንጎል አስተዳደግ ላይ ያለ ልዩነት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ሲጠሩት ላይዞር፥ ዐይን ለዐይን ላይተያይ፥ ዘግይቶ ሊናገር ወይም ከቶ ላይናገር ይችላል። እጁን ማርገብገብ፥ ዕቃ በተራ መደርደር፥ አንዱን ነገር ደጋግሞ ማድረግ ይወዳል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት እጅግ ይጨነቃል። ድምፅና ሽታ፥ ብርሃንና የልብስ ሻካራነት ከሌላው ሰው ይልቅ ይበረታበታል፤ ወይም ደግሞ ለሌላው የሚሰማው ለእርሱ አይሰማውም።

ይህን ሁኔታ በ1943 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የነበረው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሌዎ ካነር ስለ 11 ልጆች በጻፈው ጽሑፍ ለዓለም አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን አንዳንድ ሊቃውንት ነገሩ ከእናት ፍቅር መጉደል የመጣ ነው እያሉ እናቶችን ስለ ወቀሱ፥ በብዙ ቤት ኀዘን ገባ። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለው ሊቅ፥ እርሱም እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ አባት፥ መጽሐፍ አሳትሞ ይህን አሳብ ተቃወመ፤ በ1977ም ስለ መንትዮች የተጻፈው ምርመራ የዘር ውርስ በነገሩ ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳየ። በኢትዮጵያም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ወዲህ፥ ተደብቀው ይኖሩ ስለ ነበሩት ልጆች በግልጥ መነጋገር ተጀምሯል። እንግዲህ በአንድ መንደር እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ እናቲቱን «ምን ሠርተሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ አላዋቂነት ከመሆኑም በላይ ግፍ ነው።

ስለ ምግብ ችግራቸው

ካነር ከጻፈላቸው 11 ልጆች 6ቱ ከተወለዱ ጀምሮ ምግብ በመውሰድ ረገድ ብርቱ ችግር የነበረባቸው ናቸው። በ2013 የወጣ፥ ብዙ ምርመራዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ የመዘነ ጽሑፍም ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ዘንድ የአመጋገብ ችግር ከሌሎቹ ወደ አምስት እጥፍ ያህል እንደሚበዛ አስታውቋል።

አንዱ ልጅ ነጭ እንጀራ እንጂ ጥቁር እንጀራ አይነካም። ሁለተኛው ወጥ የነካውን እንጀራ ይጥላል። ሦስተኛው ቆሎና ደረቅ ዳቦ ብቻ ይበላል። አራተኛውም በለመዳት ሳሕን ካልቀረበለት አፉን አይከፍትም። ይህን የሚያይ ሰው «ልጁ ጥጋበኛ ነው፤ ረኃብ ያስተምረዋል» ይላል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ለሌላው ሰው የሚያስጎመጀው የወጥ ሽታ ለእርሱ እንደ ተበላሸ ነገር ሊከረፋው፥ የጎመኑም ልስላሴ በምላሱ ላይ ሊቀፈው ይችላል። አንዳንዶቹ ደግሞ ረኃባቸውን ራሱን በሚገባ አይሰሙትም። ስለዚህ በረኃብ መቅጣት የልጁን ኀይል ይጨርሳል እንጂ ምላሱን አይለውጠውም።

ከዚህ ሁለት ዐይነት አደጋ ይመጣል። አንደኛው ጉድለት ነው። ልጁ ክብደቱ የተስተካከለ መስሎ ሳለ ሰውነቱ የሚያስፈልገውን ሊያጣ ይችላል። ፍራፍሬና አትክልት ፈጽሞ የማይቀምስ ልጅ ቪታሚን ሲ ሲጎድለው ድዱ ይደማል፥ እግሩን ያመዋል፥ ያነክሳል፥ መራመድም ያቅተዋል። ይህ በጥንት ዘመን የመርከበኞች ደዌ የነበረ ሲሆን፥ በዛሬው ዘመን ሐኪሞች በበለጸጉ ሀገሮች እንኳ ሁለትና ሦስት ምግብ ብቻ በሚበሉ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ አግኝተውታል። ቪታሚን ኤ ሲጎድልም የዐይን ብርሃን ይጎዳል። ከልጆቹም አፈር፥ አመድ ወይም የግድግዳ ምርግ የሚበሉ አሉ፤ ይህም የሆድ ትላትልን ያመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ራሱ የደም ማነስ ምልክት ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። በ2019 የታተመ፥ ብዙ ምርመራዎችን የሰበሰበ ጽሑፍ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ለዚህ ውፍረት ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎቹ ልጆች በ41 በመቶ እንደሚበልጥ አስታውቋል። ይህ የከተማ ሰው ችግር ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን ብስኩት፥ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ዛሬ በገጠር ገበያ ሁሉ ይገኛሉ። ውፍረቱ ውሎ አድሮ የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን ያስከትላል። ይልቁንም መናገር የማይችል ልጅ ከመጠን በላይ ገዝፎ ሲያድግ፥ በተቈጣ ጊዜ እናቱ ልትይዘው አትችልም፤ ያን ጊዜ በሩ ይዘጋበታል።

ውፍረቱ ከየት እንደሚመጣ

ምክንያቶቹ አምስት ናቸው። አንደኛ፤ ልጁ የሚመርጣቸው ምግቦች ብዙ ጊዜ ዳቦ፥ ማካሮኒ፥ ብስኩትና ጣፋጭ ነገር ናቸው። ሁለተኛ፤ ልጁ ሲጮህ ቤተ ሰቡ ዝም ለማሰኘት ጣፋጭ ይሰጠዋል፤ መምህሩም ፊደል ሲለይ ከረሜላ ይሸልመዋል፤ በዚህም ልጁ ጩኸት ጣፋጭ እንደሚያስገኝ ይማራል። ሦስተኛ፤ ጠፍቶ እንዳይሄድ ወይም ሰው እንዳያየው በቤት ተዘግቶበት፥ አንዳንድ ጊዜም ታስሮ ይውላል፤ ከልጆች ጋር ለመጫወት ቢወጣም የጨዋታው ሕግ ስለሚቸግረውና ስለሚሳቅበት ይመለሳል። አራተኛ፤ እንቅልፉ ጥቂትና የተቈራረጠ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነትም ምግብ ይበልጥ ይሻል።

አምስተኛው መድኀኒት ነው። ራሱን ለሚመታ ወይም እጅግ ለሚቈጣ ልጅ ሐኪሞች ሪስፔሪዶን የተባለ መድኀኒት ያዝዛሉ። በ2002 ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት በሆነ 101 ልጆች ላይ የተደረገው ምርመራ መድኀኒቱ ቍጣቸውን በብዙ እንዳበረደ አሳይቷል፤ ዳሩ ግን በ8 ሳምንት ውስጥ መድኀኒቱን የወሰዱት በአማካይ 2.7 ኪሎ ሲጨምሩ፥ ያልወሰዱት የጨመሩት 0.8 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ መድኀኒቱ የጀመረለት ልጅ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ሊመዘንና ገበታው ሊጠበቅ ይገባል። ነገር ግን ቤተ ሰቡ በራሱ ፈቃድ መድኀኒቱን ከቶ እንዳያቋርጥ፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ልጁ የሚመራበት መንገድ

ኦቲዝም ያለበት ልጅ የማይለወጥ ሥርዓትን ይወዳል። ብዙ ሰው ይህን እልከኝነት ይለዋል፤ አስተዋይ መምህር ግን ልጁን ወደ ጤና የሚመራበት መንገድ ያደርገዋል። ክፉ ልማድ በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ ከጸና ለማስለቀቅ ያስቸግራል፤ መልካም ልማድም ከጸና ልጁ ራሱ ይጠብቀዋል። ዛሬ በየቀኑ በአምስት ሰዓት ብስኩት የለመደ ልጅ ነገ በአምስት ሰዓት ብስኩት ካጣ ይጮኻል። በየቀኑ ከምሳ በፊት እጁን መታጠብና አንድ ቁራጭ ካሮት መብላት የለመደ ልጅ ደግሞ ካሮቷ ስትቀርበት «የታለች?» ብሎ ይፈልጋታል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ መልካሙን ነገር በማይለወጥ ሥርዓት ውስጥ ማስገባት ነው።

የመጀመሪያው ሥርዓት ሰዓት ነው። ልጁ በቀን ሦስት ጊዜ ዋና ምግብ፥ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ትንሽ ምግብ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ ይብላ፤ ከዚያ ውጭ ውኃ ብቻ ይጠጣ። ቀኑን ሙሉ እየቈነጠረ የሚውል ልጅ በገበታ ሰዓት አይርበውም፤ ያልራበው ልጅም አዲስ ምግብ አይቀምስም። መምህሩ ሳሕን፥ ኳስ፥ ደብተርና ቤት በወረቀት ላይ ሥሎ በተራ ቢሰቅልለት፥ ቃል የማይገባው ልጅ የቀኑን ሥርዓት በዐይኑ ያነባል። «አስቀድሞ ይህ፤ ቀጥሎ ያ» እያለ ሥዕሉን ማሳየት ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል።

ሁለተኛው አዲስ ምግብ የሚለመድበት ሥርዓት ነው። ገበሬ ወይፈኑን ሲገራ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቀን አያሳርሰውም፤ ከሠለጠነው በሬ ጋር ያቈራኘዋል፥ ቀንበሩን ያስለምደዋል፥ ጥቂት ያራምደዋል። ለእንስሳ ይህን ያህል ትዕግሥት ከተገኘ ለልጅማ እንዴት አይገኝም? ነጭ እንጀራ ብቻ ለሚበላ ልጅ ከእንጀራው አጠገብ፥ ሳይነካው፥ ጥቂት አልጫ ሽሮ ይቀመጥለት። በዚያ ሰሞን ማየቱ ብቻ ይበቃል። ቀጥሎ ያሽተው፤ ቀጥሎ በጣቱ ይንካው፤ ቀጥሎ ከንፈሩን ያስነካው፤ በመጨረሻ የጣት ጫፍ ያህል ይቅመስ። ቢተፋውም ቍጣ አይገባም። ሽሮውን ሲለምድ እጅግ የደቀቀ ጎመን ወይም ካሮት በጥቂቱ ይገባበታል። ደረቅ ዳቦ የሚወድም ልጅ በዱቄቱ ውስጥ በየሳምንቱ ጥቂት የሽንብራ ዱቄት እየተጨመረ ሊለምድ ይችላል። አንድ አዲስ ምግብ እስኪለመድ አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ፥ ከዚያም የበለጠ መቅረብ ሊያስፈልገው ይችላል፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ አዲስ ምግብ በላይ አይቅረብ፤ የሚወደው ምግብም ሁልጊዜ በገበታው ላይ ይኑር። አፉን በግድ ከፍቶ ማጉረስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ሊያንቀው ይችላልና፥ ፍርሃቱም ለብዙ ጊዜ አይለቀውም።

ሦስተኛው የሽልማት ሥርዓት ነው። ሽልማት አይቅር፤ የሚበላ ግን አይሁን። የትምህርት ቤቱን ደወል መደወል፥ ውኃ ማፍሰስ፥ ዥዋዥዌ መጫወት፥ ጠጠር መደርደር ልጁ የሚወደው ከሆነ ሽልማቱ ይኸው ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ መጠጥ ብዙ ጊዜ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለበት፤ ይህም ወደ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። እንግዳ ሁሉ ለልጁ ከማዘኑ የተነሣ ጣፋጭ ይዞ የሚመጣ እንደ ሆነ፥ ቤተ ሰቡ በትሕትና ሙዝ ወይም ብርቱካን እንዲያመጣ ይንገረው።

አራተኛው የጾም ወራት ነገር ነው። ጾም ሲገባ ወተትና እንቁላል ከቤቱ በድንገት ይጠፋሉ፤ በሦስት ምግብ ብቻ የሚኖር ልጅም ሁለቱን በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ካህኑም የልጁን ዕድሜና ሁኔታ ዐውቆ ምክር ይሰጣል። በሙስሊም ቤትም ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ ጾም ግዴታ አይደለም።

ስለ እንቅስቃሴና ስለ እንቅልፍ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች ሁሉ፥ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውም ሳይቀሩ፥ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በብርታት እንዲያንቀሳቅሱ መክሯል። ወደ ትምህርት ቤት ግማሽ ሰዓት በፍጥነት ሄዶ ግማሽ ሰዓት በፍጥነት የሚመለስ ልጅ ይህን ፈጽሟል። ስለዚህ ልጁን በቤት ማስቀረት ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ጤናውንም መቀማት ነው። የኳስ ጨዋታ ከብዙ ልጆች ጋር ቢያስቸግረው፥ ገመድ መዝለል፥ ጎማ ማሽከርከር፥ ችግኝ ውኃ ማጠጣት፥ በትንሽ ጀሪካን ውኃ ማመላለስ ሕግ የማይበዛበት እንቅስቃሴ ነው። መምህሩ ደግ ጠባይ ያለውን አንድ ትልቅ ተማሪ የመንገድ ጓደኛ አድርጎ ይሹምለት፤ ልጁ ድንገት ሊሮጥ ይችላልና ወንዝና ገደል ባለበት ጓደኛው እጁን ይያዝ።

ዕድሜው ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆነ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እራት በጊዜ ይሁን፤ ከመኝታ በፊት ሻይና ቡና አይሰጠው፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ ካለም ከመኝታ በፊት ይወሰድ፤ እግር መታጠብ፥ ጸሎት፥ መኝታ በየማታው በአንድ ተራ ይደረጉ።

ስለ ምዘናና ወደ ሐኪም ስለ መውሰድ

በማደግ ላይ ያለን ልጅ ለማክሳት ብሎ ምግብ መንሳት አይገባም። ቁመቱ ሲጨምር ክብደቱ ባለበት ቢቈይ ይበቃል። ለምሳሌ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቱ 30 ኪሎ የሆነ ልጅ ቢኖር፥ 30ን በ1.2 ሁለት ጊዜ ሲያካፍሉት 20.8 ይሆናል። በዓመቱ ቁመቱ 126 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ክብደቱ እዚያው 30 ኪሎ ላይ ቢቈይ፥ ስሌቱ ወደ 18.9 ይወርዳል፤ አንድም ቀን ሳይራብ ውፍረቱ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ መምህሩ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተስማምቶ የልጁን ክብደትና ቁመት በሦስት ወር አንድ ጊዜ፥ በአንድ ሚዛን፥ ያለ ጫማ እያስለካ በደብተር ይጻፍ። መድኀኒት የሚወስድ ልጅ ግን በየወሩ ይመዘን።

ልጁ ከከሳ፥ ድዱ ከደማ፥ ካነከሰ፥ አፈር ከበላ፥ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እጅግ ከወፈረ፥ ወይም የሚበላው ምግብ ቍጥር እየቀነሰ ከሄደ፥ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን በሌላ መንገድ ይናገራል። ድንገት ምግብ የተወ ወይም ራሱን መምታት የጀመረ ልጅ ጥርሱ ታሞ፥ ጆሮው መግል ይዞ ወይም ሆዱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀት በእነዚህ ልጆች ዘንድ ብዙ ነው፤ ውኃ፥ አትክልትና እንቅስቃሴ ይረዱታል። ጠባዩን ከመቅጣት በፊት ሕመሙን መመርመር የአዋቂ ሥራ ነው።

ኦቲዝምን በምግብ እናድናለን የሚሉም አሉ። ስንዴንና ወተትን ፈጽሞ መከልከል ኦቲዝምን እንደሚያድን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ የለም፤ ወተት የተከለከለ ልጅ ግን አጥንቱ የሚጠነክርበትን ካልሲየም ሊያጣ ይችላል። በስንዴ ውስጥ ያለውና ግሉተን የተባለው ነገር በጤፍ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ሐኪም ለሌላ በሽታ ስንዴን የከለከለው ልጅ ሌላ እህል ያልተቀላቀለበት የጤፍ እንጀራ ይበቃዋል። ጸሎትና ጠበል የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን ልጁ በዚያ ጊዜ ምግቡንና ሐኪም ያዘዘለትን መድኀኒት አያጣ።

ስለ ሽማግሌዎች ድርሻ

ከላይ የተነገረው ሁሉ በአንዲት እናት ጫንቃ ላይ ቢጣል አይፈጸምም። በብዙ ቤት ይህች እናት ሌሊት ከልጁ ጋር ነቅታ ታድራለች፥ ቀን ከሰው ዐይን ትሸሻለች፥ ሰርግና ለቅሶ መሄድ ትታለች። የጤና ትምህርት ከመስጠት በፊት ይህን ሸክም ማቅለል ይገባል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚለው ምሳሌ ለወላጅ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለመንደርም ነው። የተከበረ ሽማግሌ ወደዚያ ቤት ገብቶ ልጁን በስሙ ቢጠራው፥ በጎረቤት ዘንድ የነበረው ሹክሹክታ ይቀንሳል። ዕድሩና ማኅበሩ በሳምንት አንድ ቀን ልጁን የሚጠብቅ ሰው ቢመድቡ፥ እናቲቱ ታርፋለች። ባለ ሱቁ ለዚያ ልጅ ከረሜላ በነጻ ከመስጠት ቢቈጠብ፥ ካህኑ ስለ ጾሙ ቢመክር፥ መምህሩ ደብተሩን ቢይዝ፥ የጤና ሠራተኛዋ ሚዛኑን ብታቀርብ፥ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ሥራው ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆናል።

እንግዲህ መምህሩ ዛሬ ሊጀምር የሚችለው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በቀበሌው ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ በየትኛው ቤት እንዳለ ከሽማግሌዎች ጋር ይጠይቅ፤ ልጁ የሚበላውን ሁሉ ለአንድ ሳምንት ከእናቱ ጋር ይጻፍ፤ ከዚያም አንድ ሰዓት፥ አንድ አዲስ ምግብ፥ አንድ መንገድ ይምረጥለት። ይህም አንዱ ሲጸና ሁለተኛው ይጨመር። ልጁ ምናልባት እንደ ሌሎቹ ልጆች አይናገር ይሆናል፤ ነገር ግን በጤናማ እግሩ ወደ ትምህርት ቤት ሊመላለስ፥ በገበታም ከወንድሞቹ ጋር ሊቀመጥ ይችላል። ይህን ማግኘት ለእርሱ መብቱ ነው፤ እንዲያገኘው ማድረግም የትምህርት ቤቱና የመንደሩ ግዴታ ነው።